ዳፊ የሚባለው ጂን፣ ወባና የነጭ የደም ሕዋስ ማነስ፦ በጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዱ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ «ነጭ ደምህ አንሷል ተባልሁ» ይላል። ሌላው መተማ ሠርቶ ሲመለስ ቪቫክስ በሚባለው ወባ ተይዟል። ሦስተኛው «ጥቁር ሕዝብ በቪቫክስ አይያዝም» ሲባል ሰምቶ እውነት መሆኑን ይጠይቃል። የሦስቱም ጉዳይ አንድ ጂን ላይ ይገናኛል። መልሶቹ ለግንዛቤ እንጂ በሐኪም ምክር ፋንታ የቀረቡ አይደሉም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳፊ የሚለው ስም ከየት መጣ?

የታካሚ ስም ነው። በ1950 እንግሊዝ ውስጥ ሄሞፊሊያ የሚባለው የደም አለመርጋት ሕመም ያለበት አንድ ሰው ደም ደጋግሞ ተሰጥቶት ኖሮ፣ ሰውነቱ ከለጋሾቹ ደም ጋር የሚጣላ አንቲቦዲ ሠርቶ ተገኘ። ማሪ ካትቡሽ፣ ፓትሪክ ሞሊሰንና ዶሮቲ ፓርኪን ነገሩን ሲከታተሉ እስከዚያ ድረስ ያልታወቀ የደም ዓይነት ላይ ደረሱና በታካሚው የቤተሰብ ስም ጠሩት። ዓይነቱ «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉ ሁለት መልኮች አሉት፤ የሚለያያቸውም በቀይ የደም ሕዋስ ላይ በሚገኘው የዳፊ ፕሮቲን 42ኛ ቦታ ላይ ያለው አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። በ1955 ደግሞ ብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ኤም ቢም እንደሌላቸው ታወቀ፤ እንዲህ ያለው ሰው ዳፊ ኔጋቲቭ ይባላል። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ አፍሪካ ያዞሩት ከዚህ በኋላ ነው።

በ1968 ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን የሚገኘው ክሮሞዞም 1 ላይ መሆኑ ተረጋገጠ። ከጾታ ክሮሞዞሞች ውጭ የትኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ የታወቀ የመጀመሪያው የሰው ጂን ይህ ነው። ዛሬ በሳይንሱ መዝገብ ኤሲኬአር1 ይባላል፤ ቀደም ባሉ ጽሑፎች ዳርክ ተብሎ ይገኛል።

ፕሮቲኑ ምን ይሠራል? በሽታን ከመከላከል ጋርስ ምን አገናኘው?

ሰውነት ሲቆስል ወይም ተህዋስ ሲገባበት በአካባቢው ያሉ ሕዋሳት ኬሞካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ወዴት መሄድ እንዳለባቸው የሚያውቁት በእነዚህ ነው። አብዛኞቹ የኬሞካይን ተቀባይ ፕሮቲኖች ኬሞካይኑ እንደ ደረሳቸው የተቀመጡበትን ሕዋስ ያነቃቃሉ። የዳፊ ፕሮቲን ግን ኬሞካይኑን ይይዛል እንጂ ለሕዋሱ ትእዛዝ አያስተላልፍም። ይህ ከዘመዶቹ የሚለይበት ዋና ጠባይ ነው።

ፕሮቲኑ 336 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየበሳ ያልፋል። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ሲሆን በደም ውስጥ የተትረፈረፈውን ኬሞካይን ለቅሞ ይይዛል፤ መጠኑ ሲቀንስ ደግሞ መልሶ ይለቃል። በትናንሽ ደም መልሶች ግድግዳ ላይ ያለው ሌላ ሥራ አለው፦ ኬሞካይኑን ከግድግዳው ወዲያ ወደ ወዲህ ያሻግራል፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ከደም ሥር ወጥተው ወደ ቁስሉ ይገባሉ። ይህ ሁሉ የታወቀው ዘግይቶ ነው። ፕሮቲኑ የኬሞካይን ተቀባይ መሆኑ እስከተገለጸበት እስከ 1993 ድረስ የሚነገርለት በደም ዓይነትነቱና በወባ ብቻ ነበር።

ዳፊ ኔጋቲቭ የሚባል ሰው ጂኑ የለውም ማለት ነው?

አይደለም፤ ጂኑ አለው። የተለወጠው ከጂኑ መነሻ በፊት ባለው የማዘዣ ክፍል ላይ ያለች አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ናት፤ በቲ ቦታ ሲ ገብታለች። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ቀይ የደም ሕዋስ ሲሠራ ጋታ1 የሚባል ፕሮቲን እዚያ ቦታ ላይ አርፎ ጂኑን ማስጀመር ነበረበት፤ ፊደሏ ስትለወጥ ማረፊያ ያጣል። በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ጂኑ የሚታዘዘው በሌላ መንገድ ስለሆነ ሥራው አይቋረጥም። ቤቱ በሙሉ መብራት እያለው የአንድ ክፍል ማብሪያ ብቻ እንደ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ዳፊ ኔጋቲቭ ሰው ቀይ ደሙ ላይ ፕሮቲኑ ባይኖርም በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ አለ። ይህ የተብራራው በ1995 ነው።

ዳፊ ኔጋቲቭ የሆነ ሰው በቪቫክስ ወባ አይያዝም ይባላል። እውነት ነው?

ለረጅም ጊዜ የሕክምና ተማሪ ሁሉ የሚማረው እንዲህ ነበር። መሠረትም ነበረው። የቪቫክስ ተውሳክ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ለመግባት የራሱን ፕሮቲን ከዳፊ ፕሮቲን ጋር ያጣብቃል፤ የሚጣበቅበትን ካጣ ውጭ ይቀራል። በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ቪቫክስ በፈቃደኞች ላይ ተሞክሮ፣ ዳፊ ኔጋቲቭ የሆኑት አምስቱ ሳይያዙ ሌሎቹ ተያዙ። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ዳፊ ኔጋቲቭ ያልሆነ ሰው ማግኘት ብርቅ ነው፤ ቪቫክስም በዚያ እምብዛም አይታይም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ጉዳዩ ያለቀለት መሰለ።

አላለቀም። በ2010 ከማዳጋስካር የወጣ ጥናት ዳፊ ኔጋቲቭ ሰዎች በቪቫክስ ታመው መገኘታቸውን አሳየ። ከ2013 ወዲህ በጅማ አካባቢ የተሠሩትን ጨምሮ በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አገኙ። ኢትዮጵያ ለዚህ ጥያቄ አመቺ አገር ናት፤ ዳፊ ፖዘቲቭና ዳፊ ኔጋቲቭ ሰዎች በአንድ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ቪቫክስም ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ዋናው የወባ ዓይነት ነው።

ተውሳኩ ታዲያ በምን በኩል ገባ? አንደኛ፣ ቪቫክስ የሚወደው ገና ከመቅኔ የወጡትን ለጋ ቀይ ሕዋሳት ነው፤ ወደ እነርሱ ሲገባ ከዳፊ ሌላ የሚጣበቅባቸው ፕሮቲኖች እንዳሉት ታውቋል። ሁለተኛ፣ በ2023 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ዳፊ ኔጋቲቭ በሚባሉ ሰዎች መቅኔ ውስጥ በመሠራት ላይ ያሉ ቀይ ሕዋሳት ለአጭር ጊዜ የዳፊ ፕሮቲን ያወጣሉ። ኔጋቲቭ የሚያሰኘን እንግዲህ በክንድ ደም ላይ የሚታየው ብቻ ነው፤ መቅኔው ውስጥ ያለው ሁኔታ ይለያል።

ልዩነት ግን አለ። ዳፊ ኔጋቲቭ ሰው በቪቫክስ ሲያዝ በደሙ የሚገኘው የተውሳክ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ለታካሚው መልካም ዜና ይመስላል፤ ለላቦራቶሪ ባለሙያው ግን ፈተና ነው። በጂምሳ ቀለም የተነከረውን መስታወት ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብቶ ሲያይ ቪቫክስን የሚለይበት ምልክት ያውቃል፦ የተያዘው ቀይ ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ይተልቃል፣ በላዩም የሹፍነር ነጠብጣብ የሚባሉ ሐምራዊ ነጥቦች ይበተናሉ። ማይክሮስኮፑ በሚያሳየው መቶ መስክ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሕዋስ ብቻ ካለ፣ በር ላይ ሰልፍ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ማለፉ አይገርምም። ትኩሳቱ ተመላልሶ ውጤቱ ግን «የለም» የሚል ከሆነ ምርመራው እንዲደገም መጠየቅ ነውር የለውም።

ጎንደር ከተማ ደጋ ናት። ወባ እኛን ምን አገባው?

ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ዋና የወባ ቦታ አይደለችም። ወደ ደቡብ ወርደው ደምቢያ ሜዳና ጣና ዳር ሲደርሱ፣ ወደ ምዕራብም ወደ መተማ ቆላ ሲያቆለቁሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ በየዓመቱ የሚወርደው ሰው ብዛት የታወቀ ነው፤ ተውሳኩም ከተመላሹ ጋር ወደ ደጋ ይወጣል። ቪቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚነሣ፣ ሰውየው ወባ የሌለበት ደጋ ላይ ተቀምጦ ሊያገረሽበት ይችላል።

ታሪኩም ቅርብ ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት አንዱ ገፊ ምክንያት ቀደም ብሎ በደምቢያ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ነበር። በ1958 የኢትዮጵያን ደጋማ ሥፍራዎች የመታው ወረርሽኝ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደ ገደለ ተገምቷል።

ልጄ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ሊወርድ ነው። ከመሄዱ በፊት ዳፊውን ላስመርምረው?

አያስፈልግም። ገንዘቡን ለአጎበር ያውሉት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ዳፊ ኔጋቲቭ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በቆላ ብዙ ሰው የሚገድለውን ፋልሲፓረምን አያስቆመውም፤ ፋልሲፓረም ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው በሌላ ፕሮቲን በኩል ነው። ቪቫክስንም ሙሉ በሙሉ እንደማይከላከል ከላይ አይተናል። እንዲያውም የምርመራው ውጤት ወጣቱን ያለ አጎበር ሜዳ ላይ እንዲተኛ ካደፋፈረው ጉዳት ነው። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሲጀምረው በዕለቱ ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይድረስ። ቪቫክስ ነው ከተባለ፣ ከክሎሮኪኑ ጋር ለጉበቱ የሚታዘዘው ፕሪማኪን 14 ቀን የሚወሰድ መሆኑን ይወቅ። ብዙዎች ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ሲተዋቸው ኪኒኑን ይጥሉታል፤ ወባው ሲመለስ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል። ፕሪማኪን የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም ያነሰባቸው ሰዎች ደማቸው ሊፈርስ ይችላል። ሽንት ከጠቆረ ወይም ዐይን ቢጫ ከሆነ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያው ወደ ሐኪም መመለስ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ፕሪማኪን አይሰጣትም።

የደም ምርመራ ስሠራ ነጭ የደም ሕዋስህ አንሷል ተባልሁ። የመከላከል አቅሜ ደክሟል ማለት ነው?

ሰውን በከንቱ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

ወረቀቱን ይያዙና ኒውትሮፊል የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ሲሆን ባክቴሪያን ቀድሞ የሚጋፈጠው እርሱ ነው። ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ አንዱ በመቶኛ ነው፣ ሌላው ብዛት ነው። የሚያስፈልግዎ ብዛቱ ነው። መቶኛው ብቻ ከታተመ ራስዎ ያስሉት፦ ጠቅላላ ነጭ የደም ሕዋስ 3.4 ከሆነ 3,400 ማለት ነው፤ ኒውትሮፊሉ 38 በመቶ ከሆነ 3,400 በ0.38 ሲባዛ 1,292 ይመጣል። ይህ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለው ብዛት ነው። ማሽኑ ከጎኑ ኤል የምትለውን ፊደል ያትምበታል፤ ትርጉሙ «ዝቅተኛ» ነው። ሰው የሚደነግጠው በዚህች ፊደል ነው።

ዝቅተኛ ከምን አንጻር? ብዙዎቹ የማነጻጸሪያ ልኮች መጀመሪያ የተቀመጡት ከአውሮፓና ከነጭ አሜሪካውያን በተወሰደ ደም ነው። በዚያ ልክ ከ1,500 በታች «ማነስ» ይባላል። ዳፊ ኔጋቲቭ ሰዎች ግን ፍጹም ጤነኛ ሆነው ከ1,000 እስከ 1,500 ባለው ውስጥ፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በታች ይገኛሉ። በ2009 የወጣ ትልቅ የዘር ጥናት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ለሚታየው ዝቅተኛ ብዛት ዋናው ምክንያት ከላይ ያነሣናት ያቺው አንዲት ፊደል መሆኗን አሳየ። በ2017 ደግሞ አሠራሩ ጠራ፦ በመቅኔ ውስጥ በመሠራት ላይ ያሉ ቀይ ሕዋሳት የዳፊ ፕሮቲን ሲያጡ፣ እዚያ የሚሠሩት ኒውትሮፊሎች ከደም ወጥተው ወደ አካል ክፍሎች ለመግባት የሚቀናቸው ይሆናሉ። ስለዚህ ከክንድ በተቀዳው ደም ውስጥ ያነሱ ይመስላሉ እንጂ ሰውነት ኒውትሮፊል አላጣም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌላው ይልቅ በባክቴሪያ በሽታ ሲጠቁ አልታየም።

እንዲህ ሲባል ግን ዝቅ ያለ ቁጥር ሁሉ የዳፊ ነው ማለት አይደለም። ታይፎይድ፣ ኤችአይቪ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና የደም ካንሰርም ነጭ ሕዋስን ይቀንሳሉ። በእኛ አካባቢ ሊረሳ የማይገባው ካላዛር ነው፤ ከመተማና ከሑመራ የተመለሰ ወጣት ረጅም ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ ካለው ለካላዛር መመርመር ያስፈልገዋል። ሐኪሙ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ሰውየው ጤነኛ ነው ወይስ የታመመ? ቀይ ሕዋሱና ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደህና ናቸው ወይስ እነርሱም ወርደዋል? ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በፊት የተሠራው ምርመራ ተመሳሳይ ቁጥር ነበረው? ጤነኛ ሆኖ ሌላው ሁሉ ደህና፣ ቁጥሩም ለዓመታት እዚያው አካባቢ የሚዋልል ከሆነ የሚታከም ነገር የለም። አሮጌ የላቦራቶሪ ወረቀት አለመጣል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከ500 በታች ወርዶ ትኩሳት ካለበት ግን ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነው።

ይህ ዝቅተኛ ቁጥር በሕክምና ላይ ችግር ያመጣል?

ቁጥሩ ራሱ አያመጣም፤ ቁጥሩን አይቶ የሚወሰነው ውሳኔ ሊያመጣ ይችላል። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኒውትሮፊሉ ከተወሰነ ልክ በታች ከሆነ መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ቀጠሮው ይገፋል። በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ሰው ልኩን ላያሟላ ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ያለ በቂ ምክንያት ሊጓተትበት ይችላል። ለከባድ የአእምሮ ሕመም በሚሰጠው ክሎዛፒን ላይም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ ኒውትሮፊልን አደገኛ በሆነ መንገድ ሊቀንስ ስለሚችል ደም እየታየ ይሰጣል። በ2015 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በተፈጥሮ ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የተለየ፣ ዝቅ ያለ ልክ አውጥቷል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሊጀመርልዎ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ቁጥር ለሐኪሙ ያሳዩ።

ቤተ እስራኤላውያን ላይም ታይቷል ሲባል ሰማሁ።

አዎን። ከወለቃና ከሌሎች የጎንደር መንደሮች ወደ እስራኤል የሄዱ ወገኖቻችን በዚያ የደም ምርመራ ሲደረግላቸው፣ ሐኪሞች በየመን አይሁዶች ላይ አስቀድመው ያውቁት የነበረውን ጉዳት የሌለው የነጭ ሕዋስ ማነስ በእነርሱም ላይ አገኙ፤ በ1988 በወጣ ጥናት ተጽፏል። የዚያን ጊዜ ሁኔታውን በጎሣ ስም መጥራት የተለመደ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ግን መጠሪያው በዳፊ ነው፤ ይህ ተገቢ ይመስለናል፤ ወሳኙ ጂኑ እንጂ ጎሣው አይደለምና።

ከወላጅ ወደ ልጅ እንዴት ይተላለፋል?

ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ቅጂ ይወረሳል። ሁለቱም የተለወጡ ከሆኑ ልጁ ዳፊ ኔጋቲቭ ነው። አንዱ ብቻ ከተለወጠ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ በቀይ ሕዋሱ ላይ ያለው ፕሮቲን ግን ግማሽ ገደማ ነው። አባትም እናትም እንዲህ አንድ አንድ ከያዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ኔጋቲቭ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ወላጆቹ ሁለቱም ፖዘቲቭ ሆነው ልጁ ኔጋቲቭ ቢሆን ወይም ወንድምና እህት ቢለያዩ ማንንም አያጠራጥር።

ለኤችአይቪ ያጋልጣል የሚባለውስ?

በ2008 የወጣ አንድ ጥናት እንዲህ ብሎ ነበር፤ ዜናውም በሰፊው ተሰማ። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በራሳቸው መረጃ ሲፈትሹት ግንኙነቱን አላገኙትም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሚፈራ ነገር የለም።

በዳፊ ላይ የተመሠረተ የወባ ክትባት አለ?

ለአገልግሎት የበቃ የለም፤ በሙከራ ላይ ያለ ግን አለ። ሐሳቡ ተውሳኩ ከዳፊ ጋር የሚጣበቅበትን ፕሮቲን ለሰውነት አስተዋውቆ አንቲቦዲ እንዲሠራበት ማድረግ ነው። በ2023 በታተመ አነስተኛ የሰው ሙከራ ውጤት መሠረት ክትባቱ የተውሳኩን የመራባት ፍጥነት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ሰውን ከመታመም አላዳነም።

ደም ለመስጠትስ ወይም ለመቀበል ዳፊዬን ማወቅ አለብኝ?

ለመስጠት አያስፈልግም። ደም ሲሰጥ በተለምዶ የሚመሳከሩት ኤቢኦና አርኤች ናቸው። ደም ደጋግሞ የሚወስድ ሰው ግን እንደ መጀመሪያው እንግሊዛዊ ታካሚ በዳፊ ላይ አንቲቦዲ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ በኋላ የማይስማማ ደም ቢሰጠው ከቀናት በኋላ ደሙ ሊፈርስ፣ ትኩሳትና የዐይን ቢጫነት ሊታይበት ይችላል። ቀደም ሲል ደም ወስደው የሚያውቁ ከሆነ፣ በተለይም በወሊድ ወይም በቀዶ ሕክምና ጊዜ፣ ይህን ሳይጠየቁ ይናገሩ፤ ደሙም ከመሰጠቱ በፊት ከእርስዎ ደም ጋር መመሳከሩን ያረጋግጡ።